የስሎከም መርከብ ቃጠሎና የመታሰቢያው ትርጉም

በሕዝብ ማመላለሻ ላይ የሚደርስ እልቂት በየዘመኑና በየአገሩ ሁለት ስሞች ሲሰጡት ኖሯል። አንደኛው «ዕጣ ፈንታ» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «የነጂው ጥፋት» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስም ጥያቄን ሁሉ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ሁለተኛው ጥያቄን ሁሉ በአንድ ግለሰብ አንገት ላይ አስሮ ወደ ወህኒ ይሰደዋል። በሁለቱም ስሞች ሥር ተሸሽጎ የሚቀረው ግን ዋናው ጉዳይ ነው። ይኸውም፣ ማመላለሻው የማን ነበር? ለአደጋ ጊዜ የተቀመጡት መሣሪያዎች በአደጋው ጊዜ ለምን አልሠሩም? ይሠራሉ ብሎ ፊርማውን ያኖረው ማን ነው? ሙታኑስ በየስማቸው ተመዝግበዋልን? የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው።

ከወልዲያ በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠችው ዋጃ ባሕር የላትም። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የደጋው ግድግዳ ያቀፉት የራያ ቆላ ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር እንጂ የመርከብ ወደብ አይደለም። ታዲያ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት በኒው ዮርክ ወንዝ ላይ ስለ ተቃጠለች አንዲት የእንፋሎት መርከብ ለዋጃና ለቆቦ ነዋሪ፣ ለሠፈር ማኅበርተኛና ለሠራተኛ ማስረዳት ምን ይፈይዳል? የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ምላሹም ቀጥሎ በሚዘረዘረው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ሰኔ 8 ቀን 1896 ዓ.ም.

ጊዜው በአገራችን የዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ከደረሰ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖታል። በዚያው ዘመን በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን ታችኛው ምሥራቅ ክፍል «ትንሿ ጀርመን» ተብሎ የሚጠራ ሠፈር ነበር። ነዋሪዎቹ ከአውሮፓ በመርከብ ተሰደው የመጡ ጀርመናውያንና ልጆቻቸው ሲሆኑ፣ በልብስ ስፌት፣ በዳቦ መጋገር፣ በሲጋራ መጠቅለል፣ በአናጢነትና በልዩ ልዩ የእጅ ሙያ የሚተዳደሩ፣ በየማኅበራቸው የተሰባሰቡ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲደክሙ ኖረው በበጋ አንድ ቀን ልጆቻቸውን ወደ ውኃ ዳር ወስደው ማዝናናትን እንደ ትልቅ በዓል የሚቆጥሩ ሰዎች ነበሩ።

የሠፈሩ የቅዱስ ማርቆስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ለዚሁ ዓመታዊ ሽርሽር ጄኔራል ስሎከም የተባለችውን መርከብ በ350 ዶላር ተከራየ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1891 በብሩክሊን የተሠራች፣ በጎንና በጎኗ በሚሽከረከሩ ታላላቅ መዘውሮች ውኃውን እየቀዘፈች የምትሄድ፣ አካሏ ከእንጨት የታነፀ የእንፋሎት መርከብ ነበረች። ባለቤቱ ኒከርቦከር የተባለው የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ ነው።

ዕለቱ ረቡዕ፣ ማለትም የሥራ ቀን ነበር። ስለሆነም አባቶች በየሥራ ገበታቸው ስለ ነበሩ በመርከቧ ላይ ከተሳፈሩት 1,350 ያህል ሰዎች እጅግ የሚበዙት እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህ ነጥብ በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል። ሠራተኛው ከቤተሰቡ ጋር ለመዝናናት የአንድ ቀን ፈቃድ እንኳ ሊያገኝ ባልቻለበት ሥርዓት፣ አባት ማታ ከሥራው ሲመለስ ቤቱን ባዶ ሆኖ አገኘው።

መርከቧ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ከወደቡ ተነሣች። የሙዚቃ ጓድ ይጫወት ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን ከመርከቧ ፊት ለፊት በኩል፣ ፋኖስና የፋኖስ ዘይት በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ እሳት ተነሣ። በክፍሉ ውስጥ ለዕቃ ማሸጊያ የዋለ ድርቆሽና ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነበር። ምናልባትም የተጣለ ክብሪት ወይም የሲጋራ ቁራጭ እሳቱን እንደ ለኮሰው ይገመታል። ጭሱን አስቀድሞ ያየ አንድ ልጅ ለመርከቧ ሰዎች ቢናገርም የሰማው አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ዋና ቁም ነገር የሚጀምረው። እሳት በመነሣቱ ብቻ ይህን ያህል ሰው ባላለቀ ነበር። ሕዝቡን የፈጀው እሳቱን ለመከላከል የተቀመጠው ነገር ሁሉ ሐሰት ሆኖ መገኘቱ ነው። የመርከቧ ሠራተኞች የእሳት ማጥፊያውን ጎማ ዘርግተው ውኃ ሲለቁበት ጎማው ተተረተረ፤ ለዓመታት ሳይፈተሽ በስብሶ ኖሯልና። ሠራተኞቹ ራሳቸው በእሳት ጊዜ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ምን እንደሚይዝ አንድም ቀን ልምምድ አድርገው አያውቁም ነበር። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ በሽቦ ታስረው፣ በላያቸው ላይ ቀለም ተደጋግሞ ተቀብቶባቸው ከመርከቧ አካል ጋር ተጣብቀው ስለ ነበር አውርዶ ውኃ ላይ ማኖር አልተቻለም።

ከሁሉም የከፋው ግን የነፍስ ማዳኛ ልብሱ ነው። ወደ 2,500 የሚጠጋ የነፍስ ማዳኛ ልብስ በመርከቧ ጣራ ሥር ተሰቅሎ ነበር። መርከቧ ከተሠራች ጀምሮ ለ13 ዓመታት ፀሐይና እርጥበት ሲፈራረቁበት የኖረ ነው። በውስጡ ያለው ቡሽ ደቅቆ ዱቄት ሆኖ ነበር፤ የደቀቀ ቡሽ ደግሞ ውኃ ይጠጣል እንጂ አይንሳፈፍም። እናቶች ይህንን ልብስ ለልጆቻቸው አስረው፣ ይተርፉልናል ብለው ወደ ውኃው ጣሏቸው፤ ልጆቹም እንደ ድንጋይ ሰጠሙ። ከቡሹ አምራቾች መካከል አንዳንዶቹ ልብሱ በሕግ የተወሰነውን ክብደት እንዲሞላ በውስጡ ብረት ጨምረዋል ተብለው እስከ መከሰስ ደርሰዋል። ሰውን ከመስጠም ለማዳን በተሠራ ዕቃ ውስጥ ብረት!

ካፒቴኑ ዊሊያም ቫን ሻይክ በአቅራቢያው ያለው ዳርቻ የዘይት ማከማቻና የእንጨት ክምር ያለበት በመሆኑ እሳቱ ወደ ከተማው ይዛመታል በማለት ወደ ፊት ቀጥሎ መርከቧን በሰሜን ወንድም ደሴት ዳርቻ ላይ አስጠጋ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፊት ለፊት የሚነፍሰው ነፋስ እሳቱን ወደ ኋላ፣ ሰው ወደ ተሰበሰበበት ክፍል እያራገበ ወሰደው። በደሴቱ ላይ የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል ነበር። የሆስፒታሉ ነርሶችና ሠራተኞች፣ እንዲያውም አንዳንድ በሽተኞች፣ ወደ ውኃው ገብተው የቻሉትን ያህል ሰው አወጡ። መዳን የመጣው ከኩባንያው መሣሪያ ሳይሆን ከተራ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ በዚያች ጥቂት ደቂቃ 1,021 ሰዎች አለቁ።

ፍርዱ በማን ላይ ወደቀ?

ከቃጠሎው በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። መርከቧ ከአደጋው አንድ ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ቀደም ብሎ በመንግሥት መርማሪ ታይታ፣ መሣሪያዎቿ ሁሉ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ የሚል ምስክር ወረቀት ተሰጥቷት እንደ ነበር ታወቀ። በእጅ ሲነካ የሚፈርሰው ልብስ፣ ውኃ ሲለቁበት የሚተረተረው ጎማ፣ በቀለም የተጣበቀው ጀልባ ሁሉ በወረቀቱ ላይ «ደኅና» ተብሎ ነበር።

ካፒቴኑ፣ ሁለት መርማሪዎችና የኩባንያው ኃላፊዎች ተከሰሱ። ይሁን እንጂ ከተከሳሾቹ ሁሉ ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ካፒቴኑ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 መጀመሪያ ላይ የእሳት ልምምድ ባለማድረጉና የእሳት ማጥፊያ መሣሪያውን በሚገባ ባለመጠበቁ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከታሰረ በኋላ ተፈታ፤ በ1912 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ላይም ከፕሬዚዳንት ታፍት ምሕረት ተሰጠው። በምርመራው ላይ የተፈረመው እጅ ሳይቀጣ ቀረ። የመርከቧ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በበኩሉ ጥቂት መቀጮ ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋለት።

ከዚህ የምንረዳው መሠረታዊ ነገር አለ። ካፒቴኑ ጥፋት አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ ሠራተኞቹን ማለማመድ ግዴታው ነበር። ነገር ግን አዲስ ጎማ የመግዣው ገንዘብ በካፒቴኑ ኪስ ውስጥ አልነበረም። የበሰበሰውን የነፍስ ማዳኛ ልብስ ጥሎ በአዲስ የመተካት ሥልጣን የነበረው፣ ባለመተካቱም ትርፍ ያገኘው ኩባንያው ነው። አደጋው በደረሰበት ሰዓት መሪውን የያዘው እጅ በዓይን ይታያል፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲል ከዓመታት በፊት «ይቆይ» ያለው እጅ ግን አይታይም። ሕግም ሆነ የሕዝብ ቁጣ የሚታየውን እጅ ብቻ ይዞ በረካ ቁጥር የማይታየው እጅ ሌላ መርከብ ለመጫን ነፃ ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ እልቂቱ ፍሬ ቢስ አልቀረም። የመርከብ ምርመራ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ከሥልጣን ተነሡ፤ የመንገደኛ መርከቦች የእሳት መከላከያ፣ የጎማ ጥንካሬና የነፍስ ማዳኛ ልብስ ጥራት የሚወስኑ ደንቦች ጠበቁ። ዛሬ በየትኛውም የመንገደኛ ጀልባ ላይ የሚታየው የደኅንነት ሥርዓት እንዲህ ባለ ደም የተጻፈ ነው።

ድንጋዩና ዝምታው

ሙታኑ እንዴት ታሰቡ? ማንነታቸው ሊለይ ያልቻለ 61 አስከሬኖች በኩዊንስ በሚገኘው የሉተራን መካነ መቃብር በአንድነት ተቀበሩ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 በመቃብሩ ላይ ሐውልት ቆመ። የሐውልቱን መጋረጃ የገለጠችው አደላ ሊበናው የተባለች፣ በቃጠሎው ቀን የስድስት ወር ጨቅላ የነበረች ሕፃን ናት። ሁለት እኅቶቿ በቃጠሎው አልቀዋል። ይህችው ሕፃን የመጨረሻዋ በሕይወት ያለች ምስክር ሆና ኖራ በጥር 1996 ዓ.ም. በ100 ዓመቷ አረፈች። በሠፈሩ መካከል በሚገኘው የቶምፕኪንስ አደባባይ የሕዝብ መናፈሻም የጀርመናውያን ሴቶች ማኅበር ባዋጣው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1906 ከእብነ በረድ የተሠራ የመታሰቢያ ምንጭ ተተከለ። ሁለት ሕፃናት ወደ ባሕር ሲመለከቱ የሚያሳይ ቅርጽ አለበት።

ሆኖም ድንጋይ ብቻውን ማስታወስ አይችልም። ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ያጡት አባቶች በየደረጃው፣ በየጎረቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሙታናቸውን ጥላ እያዩ መኖር ስላቃታቸው ሠፈሩን እየለቀቁ ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተበተኑ። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1940 የአይሁድ ምኩራብ ሆነ። የሚያስታውሰው ሠፈር ሲፈርስ መታሰቢያው ባለቤት አጣ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ደግሞ ለጀርመናዊ ማልቀስ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ዘመን ሆነ። ስለዚህም እስከ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ድረስ በኒው ዮርክ ታሪክ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ያለቀበት አደጋ የነበረው ይህ ቃጠሎ ከከተማው ሕዝብ አብዛኛው የማያውቀው ሆኖ ኖረ።

ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰባት ሌላም መርከብ አለች። በሚያዝያ 1857 ዓ.ም. ገደማ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1865፣ ሱልታና የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የውኃ ማፍያ ጋኖቿ ፈንድተው ተቃጠለች። እንድትጭን የተፈቀደላት 376 ሰው ሲሆን ከ2,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከእርስ በርስ ጦርነቱ እስር ቤት ተፈትተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች፣ ታጭቀውባት ነበር። ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። ይሁን እንጂ አገሪቱ በዚያው ሰሞን በተገደሉት ፕሬዚዳንት ሊንከን ኀዘንና በጦርነቱ ፍጻሜ ወሬ ተይዛ ስለ ነበር የእነዚያ ተራ ወታደሮች ሞት ከጋዜጣው ጥግ አላለፈም።

ከነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ጎን ሦስተኛውን ማኖር ይገባል። መጋቢት 16 ቀን 1903 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1911) በዚያችው ኒው ዮርክ፣ ከትንሿ ጀርመን ሠፈር ብዙም በማይርቅ ሥፍራ፣ ትራያንግል በተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ ላይ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች ሞቱ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የመውጫው በር ተቆልፎ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር ከስሎከም ሟቾች አንድ ሰባተኛ ገደማ ቢሆንም ይህ ቃጠሎ ግን እስከ ዛሬ በስፋት ይታወሳል። ለምን? የሠራተኛ ማኅበራት ሙታኑን የራሳቸው አድርገው ስለ ተቀበሉና ኀዘኑን ወደ ጥያቄ ስለ ለወጡት ነው። የፋብሪካዎችን ሁኔታ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በርካታ የሥራ ደኅንነት ሕጎች ወጡ። ዛሬም በየዓመቱ የመታሰቢያው ቀን ሲደርስ ሰዎች የሟቾቹን ስምና ዕድሜ ይኖሩበት በነበረው ቤት ደጃፍ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ጠመኔው በዝናብ ይታጠባል፤ በዓመቱ ግን እንደገና ይጻፋል። በመሆኑም በእብነ በረድ የተሠራው መታሰቢያ ሲረሳ በጠመኔ የተጻፈው ኖረ። ልዩነቱ ከድንጋዩና ከጠመኔው የመጣ አይደለም፤ የጠመኔው መታሰቢያ ጸሐፊ ስላለውና የአደጋውን ምክንያት ከሟቹ ስም ሳይነጥል ስለሚያስተላልፍ ነው።

አዋሽ፣ 1977 ዓ.ም.

ወደ አገራችን እንመለስ። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ የመንገደኛ ባቡር በአዋሽ አቅራቢያ ከድልድይ ላይ መዞሪያውን ስቶ ወደ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በአፍሪካ የምድር ባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ አስከፊ አደጋዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ባቡሩ መዞሪያው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አለመቀነሱ መሆኑ ተገለጸ። ነጂውም ተያዘ።

በራያ ቆላ «ሰባ ሰባት» ሲባል ግን የባቡሩን አደጋ የሚያስብ ሰው ከቶ ይኖራልን? በዚያው ዓመት፣ ከዋጃ በላይ በሚታየው ደጋ፣ በኮረም መጠለያ ሕዝብ በረኃብ ይረግፍ ነበር። ከቆቦና ከአላማጣ፣ ከዞብልና ከደጋው የተነሣው ሰው ልጁን አዝሎ ወደዚያው ይጎርፍ ነበር። በዚያ ታላቅ እልቂት መካከል የ400 መንገደኞች ሞት፣ እንደ ሱልታና ወታደሮች ሁሉ፣ በሚበልጠው ኀዘን ሥር ተቀበረ። ይህ የማንም ጭካኔ አይደለም። የሰው ልብ የሚሸከመው ልክ አለው። ይሁን እንጂ ልብ የማይሸከመውን መዝገብ ሊሸከመው ይችላል፤ መዝገብ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው።

እዚህም ላይ ያው የስሎከም ጥያቄ ይነሣል። ነጂው ፍጥነቱን አልቀነሰም ካልን በኋላ፣ ነጂ ሲሳሳት ባቡሩን የሚያቆም ሌላ ምን መከላከያ ነበር? ማለት ይገባናል። በአንድ ሰው ስሕተት ብቻ መቶዎች የሚያልቁበት አሠራር አስቀድሞ የተበላሸ አሠራር ነው። አሠራሩ ሳይመረመር ሰውየው ብቻ ሲቀጣ ቀጣዩ መንገደኛ በዚያው አሠራር ላይ ይሳፈራል።

ስም የሌለው ጀልባ

አሁን ወደ ቅርቡና ወደሚያመው ጉዳይ ደረስን። ዋጃ ባሕር የላትም ብለናል። ልጆቿ ግን ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ከራያ ቆላና ከመላው ወሎ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚያልፈው መንገድ ለብዙ ቤተሰብ የታወቀ ነው። ድርቅ፣ የመሬት ጥበት፣ ሥራ ማጣትና ጦርነት የገፉት ወጣት ደላላው በነገረው ተስፋ ታምኖ ይነሣል።

መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በጅቡቲ ዳርቻ አቅራቢያ፣ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ 310 ሰዎችን በሁለት ጀልባ የጫኑ አሻጋሪዎች መንገደኞቹን ወደ ውኃው አስገድደው አስወረዷቸው፤ ቢያንስ 45 ሰዎች ሞቱ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ዳርቻ ሰጠመች፤ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። ባሕሩ ወደ ዳር የመለሳቸው አስከሬኖች ከወገን ርቀው በዚያው በየመን ምድር ተቀበሩ።

እነዚህን ጀልባዎች ከስሎከም ጋር እናስተያይ። ስሎከም ቢያንስ ስም ነበራት፤ ባለቤቷ ይታወቅ ነበር፤ መርማሪዋ በሐሰት ቢሆንም ፊርማውን አኑሯል፤ ከ1,021 ሟቾች መካከል ማንነታቸው ሳይለይ የተቀበሩት 61 ናቸው። የኦቦክና የአብያን ጀልባዎች ግን ስም የላቸውም። የበሰበሰ የነፍስ ማዳኛ ልብስ እንኳ የላቸውም። ባለቤታቸው በስልክ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሟቾቹም ለቤተሰባቸው «ስልኩ አይሠራም» የሚል ዝምታ ብቻ ትተው የሚቀሩ ናቸው። እናት መርዶ ሳትሰማ ዓመት ይሞላል፤ ለቅሶ ልትቀመጥ አትችልም፤ ተስፋ ልታደርግም አትችልም። በመቃብር ላይ ከሚፈስስ እንባ የከፋ እንባ ይህ ነው።

እዚህም እንደ ቀድሞው ሁለቱ የተለመዱ ስሞች ይሰጣሉ። «ዕጣው ነው» ይባላል፤ ወይም «ማን ሂድ አለው» ተብሎ ጥፋቱ በሟቹ ላይ ይጣላል። ስሎከም ላይ በነጂው የተለጠፈው ጥፋት እዚህ በተሳፋሪው ይለጠፋል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ራስ ላይ ገንዘብ የቆጠረው አሻጋሪ ግን እንደ ኒከርቦከር ኩባንያ ሁሉ የሚቀጥለውን ጀልባ ይጭናል። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ሕግ ግን ክስ ይፈልጋል፤ ክስ ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክርም የሚገኘው ስምና ቀን ተይዞ ሲቆይ ነው።

ከኀዘን ወደ ጥበቃ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር ምንድነው? መታሰቢያ ማለት ሐውልት ማቆም ብቻ እንዳልሆነ ታሪክ አሳይቶናል። መታሰቢያ ማለት ሦስት ነገሮችን በአንድነት መጠበቅ ነው። እነዚህም የሟቹ ስም፣ የሞቱ ምክንያትና ምክንያቱ እንዳይደገም የሚደረገው ክትትል ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ብዙ አይቆሙም።

ይህንን ለማድረግ የራያ ሕዝብ ከውጭ የሚዋሰው ድርጅት አያስፈልገውም። ቅሬ አለው። ቅሬ የሞተውን ይቀብራል፤ ያዘነውን ያጽናናል፤ ያልመጣውን ይጠይቃል። በባሕር ለጠፋው ልጅም ቅሬው መዝገብ ቢከፍት፣ ማለትም ስሙን፣ የወጣበትን ቀን፣ ያሻገረውን ደላላ፣ መጨረሻ የተሰማበትን ሥፍራ በጽሑፍ ቢያኖር፣ እናቱ የምትቆምበት መሬት ታገኛለች፤ ዐቃቤ ሕግም የሚጀምርበት መረጃ ያገኛል። ስሞቹ በአንድ ቀን፣ በሠፈሩ ፊት፣ በየዓመቱ ቢጠሩ ደግሞ ቀጥሎ ለመነሣት የሚያስበው ወጣት ከደላላው ተስፋ ሌላ የሚሰማው ድምፅ ይኖረዋል። ይህ ሲባል ወጣቱን የሚገፋው ችግር በስም መጥራት ይወገዳል ማለት አይደለም። የመስኖ ውኃ፣ ሥራና ሰላም የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ስንት እንደ ጠፉበት የማያውቅ ሠፈር ችግሩን ለሚመለከተው ክፍል በቁጥር ሊያቀርብ አይችልም።

ከባሕሩ መለስ ስንልም በደጃችን የሚያልፍ መርከብ አለ። ከቆቦ አላማጣ፣ ከአላማጣም በጠመዝማዛው አቀበት ወደ ኮረም የሚወጣው አውቶቡስ የኛው ስሎከም ነው። በውስጡ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ስንቶቻችን ተመልክተናል? የአደጋ መውጫው በዕቃ ተዘግቶ ስናይ ስንቶቻችን ተናግረናል? ትርፍ ሰው ተጭኖ ሳለ ተቆጣጣሪ ሲታይ «ጎንበስ በሉ» ሲባል ጎንበስ የምንለው እኛው አይደለንምን? የስሎከም መርማሪ በሐሰት የፈረመው በብዕሩ ነው፤ እኛ በጀርባችን እንፈርማለን። እርግጥ፣ ሌላ መኪና እስከ ማታ የማያገኝ ገበያተኛ ጎንበስ ቢል በምርጫው አይደለም። ስለዚህም ነው ጥያቄው የአንድ ተሳፋሪ ድፍረት ሳይሆን የመንገደኞች፣ የሠፈር ማኅበራትና የትራንስፖርት ሠራተኞች የጋራ ጥያቄ መሆን ያለበት። ነጂውና ረዳቱም ቢሆኑ ትርፍ ሰው የሚጭኑት ባለንብረቱ የሚጠይቃቸውን የቀን ገቢ ለመሙላት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ከነጂው ጋር መጣላት ቀላል ነው፤ ከነጂው ጋር ሆኖ ባለንብረቱንና ተቆጣጣሪውን መጠየቅ ግን ሕይወት ያድናል።

የስሎከም ሴቶችና ሕፃናት የሞቱት እሳት የማይቀር ስለ ሆነ አይደለም። ጎማው ሊፈተሽ ሲችል ስላልተፈተሸ፣ ልብሱ ሊለወጥ ሲችል ስላልተለወጠ፣ ወረቀቱ እውነት ሊጻፍበት ሲችል ሐሰት ስለ ተጻፈበት ነው። ከነዚህ ሁሉ አንዱም ከሰው አቅም በላይ አልነበረም። በሰው እጅ የተበላሸ በሰው እጅ ይቃናል። ሙታንን በእውነት የሚያስብ ሕዝብም ስማቸውን በጠራ ቁጥር «ጎማውን አሳየኝ» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ነው።